ቁልፍ ሳይቆለፍ ቁልፍ የለም

ዓርብ፣ የካቲት 10 ቀን፣ ረፋድ ላይ
ከልብስ ሰፊዋ መቁረጫ ጠረጴዛ

ለክላክሴ፣

የኔ ልጅ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ሰላምታዬን ሳልጨርስ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህን ደብዳቤ የት ሆነሽ ነው የከፈትሽው? መሪ ላይ ከሆንሽ መልሰሽ እጠፊው። «ቀይ መብራት ይዞኝ ነው አያቴ» ብትይም እጠፊው። አውቅሻለሁ፤ የመጣልሽን ፖስታ ሳትከፍቺ ቤት መድረስ አይሆንልሽም። ያቺን ጥንዚዛ የምታክል መኪናሽን አቁሚ፣ ቤትሽ ግቢ፣ ጫማሽን አውልቂ፣ ከዚያ አንብቢኝ። እኔ እጠብቃለሁ። የደብዳቤ ደግነቱ ይሄ ነው፤ አይጮህም፣ ኪስ ውስጥ አይርገበገብም፣ «አሁኑኑ ካላነሣሽኝ» ብሎ አያለቅስም።

ተቀመጥሽ? ጎሽ።

እኔ ጉልበቴ ከሚያጉረመርመው በቀር ደህና ነኝ። እናትሽም አባትሽም ደህና ናቸው። እንደ ዓርብ ልማዴ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ መጥቼ፣ ከጠመኔዋና ከክር ቁርጥራጯ መካከል ቦታ አስለቅቄ ነው የምጽፍልሽ። መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ፤ ፊደሌ ግን እንደምታዪው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሴትዮዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «ለልጅቷ ደግሞ አትቀባጥርባት፤ እውነቱን ጻፍላት» ትለኛለች። ሴት አያትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በዚህች ባለ ከዘራ ሴት ምክንያት ስንት ዓመት አሾፈችብኝ መሰለሽ! «ዓርብ ደረሰ፤ ሽማግሌው ልብስ ሊለካ ነው» ትለኝ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስመላለስ አንድ ሸሚዝ እንኳ አላሰፋሁም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። እናትሽን በስልክ «አባዬን ምን አስቀይሜው ነው ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የማይደውልልኝ?» ብለሽ እንደጠየቅሻት፣ ድምፅሽም እንደተሰበረ ነገረችኝ። አንጀቴን በላሽው። ምንም አላስቀየምሽውም። ያንን የጠዋት ስልክ የገደልኩት እኔ ነኝ። እኔ፣ በሰባ ስምንት ዓመቴ፣ ቢጫ የዝናብ ልብስ ለብሼ፣ ራስ ከሌላት ሴት ጋር እየደነስኩ ገደልኩት። አልጸጸትም፤ እንዲያውም እንደ ዘንድሮ ኮርቼ አላውቅም። ከሥሩ ልንገርሽ።

እንደምታውቂው አባትሽ ሰባት ቁጥር አውቶቡስን ይነዳል። ባለፈው ዓመት አዲስ ሕግ ወጣ፤ ማንም ሹፌር እያሽከረከረ ስልክ በእጁ እንዳይዝ። አንድ ጊዜ የተያዘ ማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛ የተያዘ መንጃ ፈቃዱን ለአንድ ዓመት ይነጠቃል። የአውቶቡሱ ግቢ ግድግዳ ላይ «ሲያሽከረክሩ እጅዎ ነፃ ይሁን!» የሚል ትልቅ ማስታወቂያ ተለጠፈ።

ሹፌር ሕግ ሲያነብ እንደ መንገድ ነው፤ አቋራጭ ይፈልጋል። «እጅ ነው የሚለው፤ ሌላው አካል አልተከለከለም» ብለው ተስማሙ። በቦርጩ ምክንያት ጎማ የምንለው የሦስት ቁጥሩ ሹፌር ስልኩን ባርኔጣው ውስጥ ከተተ። አባትሽ ደግሞ የእናትሽን ነጭ ሻርፕ ተውሶ ስልኩን ከጉንጩ ጋር ጠፍሮ አሰረው፤ ልክ ጥርሱን እንደታመመ ሰው። ተሳፋሪው አዘነለት። አንዷ «በጨው ውኃ ተጉመጥመጥ ልጄ» አለችው። እሱም «እሺ እማማ፣ ይሻለኛል» እያለ ከአንቺ ጋር ያወራል።

በሦስተኛው ቀን የትራፊክ ሳጅኗ አስቆመችው። ቁመቷ አጭር ፉጨቷ ረጅም የሆነች ሴት ናት።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው።

«ጥርሴን» አላት፣ ፊቱን እንደ ኮምጣጤ አኮሳትሮ።

«አይዞህ፣ ይማርህ፤ እለፍ» ልትለው እጇን ስታነሣ ጥርሱ ጠራ።

ደነገጠና ጉንጩን ጨበጠ፤ ሲጨብጠው ስልኩ ተከፈተ፤ አንቺም ከጉንጩ ውስጥ ሆነሽ «አባዬ! የት ደረስክ?» አልሽ። ሳጅኗ ጎንበስ ብላ ለጉንጩ «የኔ እመቤት፣ አባትሽ በኋላ ይደውልልሻል፤ ጥርሱ ሥራ ላይ ነው» አለችሽ። ትዝ አለሽ? ነርስ መስላሽ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጥርሱን አደራ» ብለሻት ነበር። ሰው እጅ ከፍንጅ ተያዘ ሲባል እሰማለሁ፤ ጉንጭ ከፍንጅ የተያዘ የመጀመሪያው ሰው ግን አባትሽ ነው።

ማስጠንቀቂያውን ተቀበለ። ከዚያ የባቄላ ፍሬ የምታክል ማዳመጫ ገዝቶ ጆሮው ውስጥ ሰካ። አሁን በሕጉ ልክ ሆነ። ሳጅኗ ስታስቆመው ሁለት እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ «ይኸው፣ ነፃ!» ይላታል። ምን ታድርገው?

እኔ እንደምታውቂው ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ መንገደኛ መሆን ነው። ጠዋት ጠዋት ከሹፌሩ ኋላ ያለችው የመጀመሪያዋ ወንበር የኔ ናት። ከእሷ ሆኜ የልጄን ማጅራት ሳይ ከረምኩ። ባቄላዋ ከገባች በኋላ የነዳጅ ማደያውን ፌርማታ ሁለት ጊዜ አለፈው፤ ሰው እጁን እያውለበለበ። ዓይኑ ቀጥ ብሎ መንገዱ ላይ ነው፤ ግን መጋረጃ እንደሚያይ ሰው ነው የሚያየው። ልቡ አንቺ ዘንድ ነው። አልፈርድበትም፤ የኔም አንቺ ዘንድ ነው። እኔ ግን አርባ መንገደኛ አልጫንኩም።

ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ። ጠዋት ነው፣ ጭጋግ የለ፣ ዝናብ የለ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። የትምህርት ቤቱ ዜብራ ላይ ቀይ ሰሌዳ ይዛ ተማሪ የምታሻግረው ሴትዮ ወደ መሐል ወጥታ ሰሌዳዋን አነሣች። እኔ አየኋት። ከኋላዬ ያለው ሁሉ አያት። አባትሽ ፊቱ ወደ እሷ ነው፤ ዓይኑ ተገልጧል፤ እግሩ ግን ወደ ፍሬን አልሄደም። ከዘራዬን ብረቱ ላይ አንኳኳሁና «ፍሬን!» ብዬ ጮህኩ።

አውቶቡሱ ቆመ። ወርጄ ለካሁት። በአውቶቡሱ አፍንጫና በሰሌዳዋ መካከል አንድ ስንዝር ነበር፤ የኔ ስንዝር፣ ያረጀች ስንዝር። ሴትዮዋ ሰሌዳዋ ከእጇ ወድቆ ቆማ ቀርታለች። ተመልሼ ስገባ አባትሽ ምን ይላል መሰለሽ? «ምንም አይደለም የኔ ልጅ፣ ፍሬን ነው፤ እሺ ከዚያስ?»

ፊቱ እንኳ አልተለወጠም። የሚያስደነግጠውን ነገር ሳያይ በምን ይደንግጥ?

ቀጠለና ደግሞ «ማነው ክላክስ የሚያደርግብሽ? አይዞሽ፣ ዝም ብለሽ ንጂ» አለሽ። ያኔ ነው የገባኝ። ለካስ አንቺም መሪ ላይ ነሽ! ለካስ ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛ ስትጠብቂ አድረሽ፣ ዓይንሽ እየተከደነ፣ ከዚያ ጥንዚዛ ውስጥ ሆነሽ ነው የምታወሪው። በሁለቱም ጫፍ መሪ፣ በሁለቱም ጫፍ ነፃ እጅ። ጭንቅላት ግን በየትኛውም ጫፍ የለም።

ሳጅኗ ዘንድ ሄድኩ። «አባባ፣ ምን ላድርግልዎ?» አለችኝ። «እጁ ነፃ ነው። ሕጉ የሚለው እጅ ነው።»

«እንግዲህ ሕጉ አንጓ ላይ አለቀ በይኛ» አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ የማክሰኞውን ስነግራት ሳቁን ተወችው። «ከአንጓ በላይ ያለውን እርስዎ ይጨርሱልኝ» አለችኝ። አንድ ሽማግሌ ከመንግሥት ሠራተኛ እንዲህ ያለ ፈቃድ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትሽም።

ያን ቀን ማታ ቤት ውስጥ ከአባትሽ ጋር ተፋጠጥን።

«አባዬ፣ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ» አለኝ። «ከጎኔ ካለ ሰው ጋር ሳወራ ምንም አትለኝም። ይሄ በምን ተለየ?»

«ከጎንህ ያለው ሰው መንገዱን ያያል። ሲፈራ ዝም ይላል፣ ሲብስበት ይጮሃል። እሷ የት ሆና አይታ ትጮህልህ?»

«ሴትዮዋን አይቻት ነበር። ልቆም ነበር።»

«ምን ዓይነት ጫማ አድርጋ ነበር?»

«ጫማዋን ምን አገባኝ! አባዬ፣ አንተ መንዳት የተውከው ዓይንህ ደክሞ ነው። የኔ ዓይን እንደ ንስር ነው፤ ያንተን ፍርሃት በኔ ላይ አታምጣ።»

መነጽሬን አውልቄ መጥረግ ጀመርኩ። እናትሽ «ዛሬ ምን ነካው? ነገር አለቀበት እንዴ?» ብላ ዞራ አየችኝ። ነገር አላለቀብኝም፤ እየሠራሁት ነበር።

በማግስቱ ውርርድ አቀረብኩ። እሑድ ጠዋት በአውቶቡሱ ግቢ፣ ከሥራ በወጣ አሮጌ አውቶቡስ፣ አሥራ ሁለት ኮን ተደርድሮ ሦስት ዙር ይነዳል፤ በባቄላዋ ከአንቺ ጋር እያወራ። ምንም ሳይነካ ከጨረሰና በመንገዱ ያየውን ሁሉ ከተናገረ እኔ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም፤ ወንበሬንም እለቃለሁ። ካልሆነ ባቄላዋን ይሰጠኛል። «አፍህን አለመክፈትህን በጽሑፍ ስጠኝ» አለኝ። ሰጠሁት።

ያን እሑድ እናትሽ ቀድማ ደውላ «አልጋ ላይ ነሽ? የትም እንዳትነሺ» ያለችሽ ትዝ ይልሽ ይሆናል። የኔ ተንኮል ነበር። ሁለት ሹፌር በአንድ ጊዜ መፈተን አልፈለግሁም።

የስምሪት ኃላፊዋ ኮኖቹን ደረደረች። ሳጅኗ ያለ ዩኒፎርም በዳኝነት መጣች። የቀሩት ሃያ አንድ ሹፌሮች ግንቡ ላይ ተደረደሩ። ልብስ ሰፊዋ ልብስ የምትለካባትን ራስ የሌላት አሻንጉሊት ታክሲ ውስጥ አስቀምጣ፣ ራሷም ከዘራዋን ይዛ መጣች። የታክሲው ሹፌር «ሁለት ናችሁ ወይስ አንድ?» አለ አሉ።

አባትሽ ተነሣ። አንቺ የጎረቤትሽ ድመት ልብስ ማጠቢያ ቅርጫትሽ ውስጥ መውለዷን ጀመርሽለት።

በመጀመሪያው ዙር የሴት አያትሽን ቢጫ የዝናብ ልብስ ለብሼ፣ ቀይ ዣንጥላ ዘርግቼ መታጠፊያው ላይ ቆምኩ፤ ከኮኖቹ ሦስት እርምጃ ርቄ፣ ሞኝ አይደለሁም። በፊቴ አለፈ። በሁለተኛው ዙር አሻንጉሊቷን ወገቧን ይዤ ደነስኩ። ጉልበቴ ጮኸ፤ አልሰማሁትም። አውቶቡሱ ሲደርስ እጅ ነሣሁት። እሱ በመስኮቱ ፊት ለፊት አይቶኝ «ስንት ወለደች?» አለሽ። በሦስተኛው ዙር ወንበር አምጥቼ፣ አሻንጉሊቷን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ጋዜጣ ገልብጬ አነበብኩላት። «አምስት? ጉድ ነው!» እያለ አለፈ። የሰማሽው ሳቅ፣ «ምንድን ነው?» ስትይው «ሹፌሮቹ ደስ ብሏቸው ነው» ያለሽ፣ እሱ ነበር።

አንድ ኮን አልነካም። እውነቱን ልንገርሽ፣ እንደ መርፌ ነው ያሾለከው። ሩጫ እንዳሸነፈ ሰው ደረቱን ነፍቶ ወረደ።

«አሥራ ሁለት ኮን፣ ሦስት ዙር፤ አንድም አልተነካ!» አለ። «አባዬ፣ ወንበሬን!»

«ሌላስ ምን አየህ?» አለችው ሳጅኗ።

«ሌላ ምን አለ? ግንብ፣ ኮን፣ እነዚህ ሥራ ፈቶች።»

«አባትህንስ?»

«እሱማ ይኸው…» ብሎ ዞረ። በቢጫ ልብስ፣ በቀይ ዣንጥላ፣ ሴቲቱን አቅፌ ቆሜያለሁ። «አሁን ነው የለበስከው?» አለኝ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ጎማ ግንቡ ላይ ቆሞ ሁሉንም በስልኩ ቀርጾት ነበር፤ አምጥቶ አሳየው። አባትሽ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ደግመህ አሳየኝ አለ። ሦስተኛ ጊዜ ሲያየው መሳቁን ተወ። በቅጂው ላይ ከአውቶቡሱ መስታወት ኋላ ፊቱ ይታያል፤ እኔን ነው የሚያየው፤ ዓይኑ ዓይኔ ላይ ነው፤ ግን አላየኝም። የገዛ አባቱን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሦስት ጊዜ።

ስልኩን ለጎማ መለሰና ወደኔ መጣ። ድምፁ እንደ ልጅነቱ ቀጥኗል።

«አባዬ… ያቺ የትምህርት ቤቷ ሴትዮ… ያን ቀን አይቻት ነበር እንዴ?»

ክላክሴ፣ ለዚያች ቀን አንድ ጆንያ ፌዝ አከማችቼ ነበር። አንዷም አልወጣችልኝ።

የመለሰችለት ልብስ ሰፊዋ ናት። ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች «ልጄ» አለችው፣ «እኔን የገጨኝም ሹፌር ዓይኑ እንዳንተው ደህና ነበር። ፊት ለፊት ነው ያየኝ፤ እኔም አይቼዋለሁ። አየኝ ብዬ ነው የተሻገርኩት።» ከዚያ ከዘራዋን አየች እንጂ ወደ ሌላ ሰው ዞር አላለችም።

አባትሽ ባቄላዋን ከጆሮው ነቅሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠ። ሰው ሲሸነፍ እጅ ሰጠ ይባላል፤ የኔ ልጅ ግን እጁን ብቻ አይደለም፣ ጆሮውንም ሰጠኝ። ያን ጊዜ ጎማ ባርኔጣውን ወደ ላይ ወረወረ፣ ሃያ አንድ ሹፌር አጨበጨበ፣ ሳጅኗ ፊሽካዋን ነፋች፣ እኔም አሻንጉሊቷን አንድ ዙር አሽከረከርኳት። በማግስቱ ሰኞ አባትሽ ተረኛነቱ ሳይጀምር በእግሩ ሄዶ የትምህርት ቤቷን ሴትዮ ይቅርታ ጠየቃት። ጫማዋንም አይቶ መጣ። «ሰማያዊ ነው» አለኝ።

አሁን ደግሞ የድሌን ምርቃት ስሚ። የስምሪት ኃላፊዋ «አንድ ሹፌር ተሸነፈ፤ ሃያ አንዱስ?» አለች። ልብስ ሰፊዋ ስምንት ቀን ሠርታ ከወፍራም ሸራ ግድግዳ የሚያክል ነገር ሰፋች። ሃያ ሁለት ኪስ አለው፤ እያንዳንዱ ኪስ ቁጥር የተጠለፈበትና ጡጫ የሚያክል ቁልፍ ያለው። በስምሪቱ መስኮት አጠገብ ተሰቀለ። ሹፌር ጠዋት ሲመጣ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ይከትና ይቆልፋል፤ ኃላፊዋ ያኔ የአውቶቡሱን ቁልፍ ትሰጠዋለች። መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢመጣ ትኬት ቆራጩ ስልክ አለው። ከላይ እኔ ያወጣሁት ጽሑፍ በቀይ ክር ተጠልፏል፦ «ቁልፍ ሳይቆለፍ ቁልፍ የለም!»

ጎማ በመጀመሪያው ሳምንት ምን አደረገ መሰለሽ? በስልክ ፈንታ ልብስ ማጠቢያ ሳሙና ከትቶ ቆለፈ። ኃላፊዋ ኪሱን በዓይኗ መዘነችና ቁጥሩን ደወለች። ኪሱ ዝም፣ ባርኔጣው ጮኸ። በዚያው ሳሙና አውቶቡሱን ከጣሪያ እስከ ጎማ አሳጠበችው። አሁን እሱ ነው ሌላውን የሚፈትሽ።

ሳጅኗ አለቃዋን አምጥታ አሳየች። ሁለት ሌሎች ግቢዎች «ለኛም» ብለዋል፤ ልብስ ሰፊዋ ይህን ስጽፍ ስልሳ አንደኛው ኪስ ላይ ናት። «አውቶቡሱ አልፎኝ ሄደ» የሚል አቤቱታ የሚጠራቀምበት ሳጥን ባዶውን ስለዋለ ኃላፊዋ አበባ ተክላበታለች። ሕጉን ከአንጓ እስከ አናት ጨረስነው!

«የገጨኝ ሹፌር» ያለችውን አንብበሽ ማን ነው ትዪ ይሆናል። አንድ የማውቀው ሹፌር ነው። ጎበዝ ነበር፤ ይልቁንም ከሱ በላይ ጎበዝ ያለ አይመስለውም ነበር። ስልክ ኪስ በማይገባበት ዘመን ነው፤ በስልክ ማሳበብ አይችልም። አንድ ጠዋት ሌላ ከተማ የሚሠራው ልጁ ፖስታ ላከለት። ውስጡ የዘጠኝ ቀን ሕፃን ፎቶ አለ፤ አፏን እስከ ጥግ ከፍታ እንደ ክላክስ የምታለቅስ። ሹፌሩ ፎቶውን ከፍጥነት መቁጠሪያው አጠገብ ሰካው። ሁለቱም እጁ መሪው ላይ ነበር። አፍንጫዋ የማን እንደሆነ ሊያጣራ አንድ ጊዜ ቁልቁል አየ። ዓይኑን ወዲያው መለሰ፤ ልቡን ግን አልመለሰም፤ መንገዱን እያየ አፍንጫዋን ነበር የሚያየው። አንዲት ወጣት ልብስ ሰፊ ጣቃ ጨርቅ ታቅፋ እየተሻገረች ነበር።

ዳነች። እግሯ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ሹፌሩ ቃሉን ሰጠ፣ ቅጣቱን ተቀበለ፣ መንጃ ፈቃዱን በገዛ እጁ መለሰ፤ ልጁ ሲጠይቀው ግን ሌላ ምክንያት ነገረው። ሕፃኗ ምንም ጥፋት የለባትም፤ ይህን ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። አፍንጫዋ፣ ኋላ ሲጣራ፣ የሹፌሩ ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ ብቻ ይቅርታ ይጠይቃታል።

ይህን ስጽፍ የስፌት መኪናዋ ዝም አለች። «ምንድን ነው የምትጽፈው?» አለችኝ።

«ስለ አንድ ሹፌር።»

«ጻፍ» አለችና መርገጫዋን ረገጠች።

አባትሽን እንዳትቀየሚው። ባለፉት ሦስት ሳምንታት ስልኩን እያነሣ መልሶ ያስቀምጣል። «ምን ልበላት? ከአንቺ ጋር ሳወራ ሰው ልገድል ነበር ልበላት?» ይለኛል። እሑድ እሑድ እንኳ ለእናትሽ ሰጥቶ የሚሸሸው ለዚህ ነው። «እኔ እጽፍላታለሁ» አልኩት። ደብዳቤው እንደደረሰሽ ለእናትሽ «አነበብኩት» በያት፤ በማግስቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል፣ ሥራውን ጨርሶ ስልኩን ከኪሱ ሲያወጣ፣ ግቢው ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይደውልልሻል። አንቺ ከእንቅልፍሽ የምትነሺበት ሰዓት መሆኑን እናትሽ አስልታለች። እስከ ዛሬ ግማሽ አባት ነበር የሚደውልልሽ፤ አሁን ሙሉው ይመጣልሻል።

ሙሉው ሲመጣ ደግሞ ጠንቀቅ በይ። ባለፈው ደብዳቤሽ «አባዬ በዚህ ቀላሉ ይስማማል ብዬ አላሰብኩም፤ ስለ ጥርስ ሐኪሙ ስነግረው ጎሽ፣ በርቺ አለኝ» ብለሽ ጽፈሽልኛል። የኔ ልጅ፣ አባትሽ ጥርስ ሐኪም የሚባል ፍጡር በዚህ ዓለም መኖሩን አያውቅም። ያን ጠዋት ከኋላው ነበርኩ። ነዳጅ ማደያው አደባባይ ላይ ሲዞር ነው «ጎሽ፣ በርቺ» ያለሽ። ለካስ ልጁን የዳረው ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ሲቀይር ነው! እኔ አልነገርኩትም። ደስታውንም ድንጋጤውንም ልቀማው አልፈልግም። አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ እንደ አዲስ ንገሪው፤ ከፈለገ ይጩህ፣ የሚገጨው ሰው የለም። ለጥርስ ሐኪሙም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አባትሽ ያን ሻርፕ ባሰረ ጊዜ ቢኖርልን እንዴት በጠቀመን ነበር!

ከደብዳቤው ጋር አንድ ትንሽ ኪስ አለ፤ ልብስ ሰፊዋ ከሸራው ቁራጭ ለጥንዚዛሽ የሰፋችው ነው። ከኋላ ወንበር ላይ አስሪው። ስልክሽን ከተሽ፣ ቆልፈሽ፣ ከዚያ ሞተር አስነሺ። ማንም ቢደውል ይጠብቅ። እኔም ብሆን።

ደግሞ አንድ ነገር ልረሳው ነበር። አምስት ዓመትሽ ሳለ መነጽሬን ሰርቀሽ አድርገሽ «አያቴ፣ በዚህ ሲያዩት ሁሉም ነገር ያው ነው» ብለሽኝ፣ ለማንም እንዳትነግሪ ሁለት ከረሜላ ሰጥቼሽ ነበር። ከዚያ ቃልሽ ዛሬ ነፃ አውጥቼሻለሁ። ለአባትሽ መንገር ከፈለግሽ ንገሪው፤ እሱም አግዳሚው ላይ ሲሆን።

መንገድሽ ሁሉ አረንጓዴ ይሁንልሽ። በፊትሽ የሚሻገረውን ሁሉ አይተሽ፣ አሳልፈሽ፣ በሰላም ቤትሽ ግቢ። ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ፤ ጥርስሽንም፣ አሁንማ ባለቤት አግኝቷል፣ እሱ ይጠብቅልሽ።

አያትሽ፣
ዓይኑ አንድም ቀን ያልደከመው